ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ

ሽሮ ሜዳ ጠዋት የምትነቃው በብረት በሮች ድምፅ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች ሲከፈቱ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው ወደ ደጅ ይወጣና በማንጠልጠያ ላይ ይሰለፋል። ነጩ ጨርቅ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፤ ጥለቱ ያበራል። ከእነዚህ ሱቆች በአንዷ ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆሜ ሸጫለሁ። ወደ ጋሞ ደጋ እንድጓዝ ያደረገኝም እዚያችው ሱቅ ውስጥ የተናገርኩት ውሸት ነው።

ከዋሽንግተን አካባቢ የመጣች ደንበኛ ነበረች። እህቷ በመልሷ የምትለብሰው ቀሚስ ፈልጋ ነው። አንዱን አንሥታ ጨርቁን በሁለት ጣቶቿ እያሸች፣ «ፈትል ነው? ጥበቡስ የእጅ ነው?» አለችኝ። ጨርቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ የፋብሪካ ክር፣ ጥበቡም የኮምፒውተር ጥልፍ እንደሆነ አውቃለሁ። «አዎ እናቴ፣ ንጹሕ ፈትል ነው፤ ሸማኔው ወር ሙሉ የለፋበት» አልኳት። አመነችኝ፤ ከፍላም ሄደች። ከወራት በኋላ በስልኬ ፎቶ ላከችልኝ። ቀሚሱ ከመጀመሪያ እጥበቱ ወጥቶ፣ የጥልፉ ቀለም በነጩ ላይ ፈስሶ። ከፎቶው ሥር አንድም ቃል አልጻፈችም። ብትሰድበኝ ኖሮ የምመልሰው አላጣም ነበር፤ ሰበብ ለነጋዴ አይቸግርም። ለዝምታዋ ግን መልስ አጣሁለት።

ነገሩን ያከበደብኝ ደግሞ የፈታይ ልጅ መሆኔ ነው። እናቴ ጥጥ ስትዳምጥ፣ ስትባዝት፣ እንዝርቷን ስታሾር ነው ያደግሁት። በእኛ ሰፈር ልቃቂት መሐል ጨርቅ ጠቅልለው ክብደት የሚያበዙ ፈታዮች ነበሩ። እናቴ ልቃቂቷን ለሸማኔ ስትሰጥ፣ «ይኼኛው ቀጭን ነው፣ ለነጠላ ይሆንሃል፤ ይኼኛው ግን እጄ ዝሎ ሳለ የፈተልኩት ነው፣ ለጋቢ አድርገው» ትል ነበር። እጇ የዛለበትን ቀን ሳይቀር የምትናገር ሴት ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ እንግዲህ፣ ንጹሕ ፈትል ነው ብዬ የማልኩት። ሱቁን ለእህቴ ትቼ፣ የምሸጠው ሸማ ከሚመጣበት አገር ሄጄ ሸማኔዎቹን በዓይኔ ለማየት ተነሣሁ።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ምድሩ ይከፈታል። ግራር እዚህም እዚያም ቆሞ፣ ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ መኪናው ይገባል። መቂ አካባቢ መንገዱ ዳር ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ፓፓያ ተቆልሎ ይጠብቃል። ወርጄ አንድ ሳፋ ቲማቲም ገዛሁ። ላይ ላዩ እንደ ዛጎል የሚያብረቀርቅ ቀይ ነበር፤ ከሥሩ ግን የፈነዳና የጨቀየ ወጣ። ልጁን ልቆጣው ዞር አልኩና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። እኔስ ሱቄ በር ላይ የማሳየው የትኛውን ቀሚስ ነው? ከሁሉ የሚያምረውን አይደለምን?

በመኪናው ውስጥ ይህን ሳወጣና ሳወርድ ሄድኩ። ዕቃን አሳምሮ መደርደር የሻጭ ወግ ነው፤ ሙሽራም ተኩላ ነው ከቤቷ የምትወጣው። ገዢም ይህን ያውቃል። ከላይ ያለው ከታች ያለውን እንዲወክል አድርጎ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ከላይ ያለው ከታች ያለውን እንዲሸፍን ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ሳፋውን እኔ ፊት ቢያገላብጠው ኖሮ በዝቅተኛ ዋጋ ለስልስ ብዬ እገዛው ነበር፤ ለስልስ የበሰለ ቲማቲም ምን ነውር አለበት?

ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ ለምሳ ቆምኩ። ከሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል፤ ዓሣ አጣቢዎቹ የሚጥሉትን ይጠባበቃሉ። ነጭ ሻሽ ያሰሩ አንዲት ሴት ሁለት ክምር ቆሮሶ ፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል። ወደ ትልልቆቹ ስጠቁም እጄን መለስ አደረጉት። «እሱ የትናንት ነው፣ ልጄ፤ በረዶ ላይ ያደረ። ለጉላሽ ይሆንሻል። ለጥብስ ከሆነ ይኼን ውሰጂ» አሉና አንዱን አንሥተው ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጡልኝ፤ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው። የትናንቱንም ገልጠው አሳዩኝ፤ ደብዝዟል።

መንገደኛ እንደሆንኩ ልብሴም መኪናዬም ይናገራል። ተመልሼ እንደማልመጣ እያወቁ ለምን እንደነገሩኝ ጠየቅኋቸው። «ዓሣ ራሱ ይናገራል» አሉኝ። «እኔ ዝም ብል ማታ ድስት ውስጥ ሲገባ እሱ ይናገራል። ከእሱ አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው አይሻልም?»

ይህን ንግግራቸውን እስከ ሶዶ ድረስ ይዤው ተጓዝኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ ነጋዴን የሚፈትነው ግን ይህ «እያደር» የሚለው ቃል ነው። ዓሣ በአንድ ሌሊት ሻጩን ያጋልጣል። ቀሚስ እስኪታጠብ ይቆያል። የግንብ ብረት፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ዓመታት ይፈጃል። ሽያጩና እውነቱ የሚገለጥበት ቀን እየተራራቁ በሄዱ ቁጥር ለመዋሸት ያለው ፈተና ይበረታል። ባሕር ማዶ ላለ ደንበኛ ስንሸጥ ደግሞ በጊዜው ላይ ርቀት ይጨመርበታል። ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ሪያድ ያለው ወገናችን ሸማውን በእጁ ዳስሶ ለማረጋገጥ አይችልም፤ ከአገሩ የሚደርሰው ፎቶና የሻጩ ቃል ነው። የናፍቆቱ መጠን የሻጭን ውሸት እንዲያምን ያደርገዋል። እኔ የዋሸኋት ሴት ጨርቁን በእጇ ይዛ እንኳ ቃሌን ነው ያመነችው። የናፈቀ ሰው ጨርቅ ብቻ አይገዛም፤ የእናቱን ቤት ጠረን አብሮ ይገዛል። እሱን ማታለል ከተራ ማታለል ይከፋል።

ወላይታ ሶዶ ከተራራው ጥግ ተጠግታ፣ ዙሪያዋ በእንሰትና በአረንጓዴ ማሳ ተከብባ ትታያለች። ገበያው ውስጥ ቅቤ ተራ ገባሁ። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ በየረድፉ ተቀምጧል። ሴቶቹ ገዢ ሲመጣ ኮባውን ገለጥ አድርገው ያሳያሉ፤ ገዢዋ በጥፍሯ ጫፍ ቆንጥራ ታሸታለች፣ በመዳፏ ላይ ታሻለች። ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል፤ ስም አለው፣ እንደ ዕድሜው ዋጋም አለው። በሳል ቅቤ የሚሸጥ ሰው በሳል ብሎ ሲሸጥ የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ለወጥ የሚመርጡት አሉና። ለጋ ነው ብሎ ሲሸጠው ግን ያው ቅቤ ውሸት ይሆናል። ስሙ ከተስተካከለ ሁሉም ዕቃ ቦታ አለው።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ያጣነው ይህን ስም ነው። ቅቤው ከባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅሎ፣ በርበሬው ከሸክላ ዱቄት ጋር ተፈጭቶ፣ እንጀራው ጀሶ ገብቶበት ተገኘ የሚል ወሬ ያልሰማ ከተሜ የለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ በወረቀት ላይ አለ። ሆኖም በየቤቱ ደጃፍ፣ በየድስቱ አፍ ላይ ተቆጣጣሪ ማቆም አይቻልም። እምነት ሲጠፋ የሚበዛው መሐላ ነው። «ማርያምን!» «ወላሂ!» «ልጄን ይንሳኝ!» ሚዛን ባዘነበለበት ገበያ ሁሉ መሐላው ይጮኻል። ባቱ ያገኘኋቸው ሴት አንዴም አልማሉልኝም፤ የዓሣውን ክዳን ገለጡልኝ እንጂ።

ሶዶ ላይ ከአንዲት ወጣት ቅቤ ሻጭ ጋር በዋጋ ተከራከርኩ። የጠራችው ዋጋ ከፍ ያለ ነበር፤ እኔ የጠራሁት ደግሞ የሚያስቅ። ሳቀች። ወረደች፣ ወጣሁ፤ መሐል ላይ ተገናኘን። በኋላ ሳስበው ሁለታችንም ያላሰብነውን ዋጋ ነው የጠራነው፤ ታዲያ ይህስ ውሸት አይደለም? አይደለም የሚል ነው ፍርዴ። የዋጋ ክርክር ሁለቱም ወገን ሕጉን የሚያውቁት ጨዋታ ነው፤ የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለ ቅቤው ግን ስጠይቃት፣ «መካከለኛ ነው፤ ለጋ ከፈለግሽ ከእኔ ቀጥሎ ያለችው ጋ አለ» ብላ ወደ ጎረቤቷ ጠቆመችኝ። ዋጋ ላይ እንደ ልቧ ተጫወተች፤ ዕቃው ላይ ግን ጨዋታ አልነበራትም። እኔ ሽሮ ሜዳ ላይ ያደባለቅሁት ይህን ድንበር ነው። በዋጋው እንደምጫወተው በዕቃውም ተጫወትኩ።

ምላሱን ቅቤ የቀባ የምንለው ሰው አለ። ለገበያ እንደ እሱ ያለ የለም ሲባል ሰምቼ እኔም አምኜበት ነበር። በቅቤ ተራ ቆሜ ግን ቅቤ የቀባ ምላስ ያላት ሻጭ አላየሁም። ቅቤው ኮባው ላይ ነበር።

በዚያው ገበያ «ደንበኛ» የሚለው ቃላችን አእምሮዬ ውስጥ ተመላለሰ። ደንበኛ የምንለው ደጋግሞ ከእኛ የሚገዛውን ሰው ነው። ግን ደንበኛ ሰው፣ ደንበኛ ሥራ፣ ደንበኛ ቡና ስንል ደግሞ ትክክለኛውን፣ እንደ ደንቡ የሆነውን ማለታችን ነው። አንዱ ቃል ገዢውንም እውነተኛውንም ይሸከማል። ቃሉ የሚለን ይህን ይመስለኛል፤ በገዢና በሻጭ መካከል ደንብ ከሌለ፣ የሚመላለስ ሰው አለ እንጂ ደንበኛ የለም። ያቺን ሴት ደንበኛዬ ስላት ዓመት አለፈኝ፤ ደንቡን ያፈረስኩት ግን እኔ ነኝ።

አርባ ምንጭ ከከፍታው ላይ ሆነው ሲያዩዋት ሁለት ሐይቅ ታሳያለች። አባያ በደለል ቀልቶ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ሰማያዊ። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጋራ ተጋድሟል። በጀልባ ጫሞ ላይ ወጥቶ አዞ ገበያ የሚባለውን ዳርቻ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው። ጀልባ ቀዛፊው ገንዘቤን ከመቀበሉ በፊት፣ «አዞዎቹ ዛሬ ዳር ላይወጡ ይችላሉ፣ እህቴ። ጉማሬ ግን ታያለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» አለኝ። ገንዘቤን ከሰጠሁት በኋላ ሊነግረኝ ይችል ነበር። በፊትና በኋላ መካከል ያለው ርቀት አንድ እጅ መዘርጋት ነው፤ የሰው ታማኝነት የሚለካው ግን እዚያ ላይ ነው። ያን ቀን ሁለት አዞ ብቻ ከሩቅ አየሁ። ያታለለኝ ሰው ስላልነበረ በቂ ነበሩ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ከቆላ ወደ ደጋ በአንድ ትንፋሽ ይወስዳል። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ ሙዙና ማንጎው ወደ ኋላ ይቀርና ቀርከሃና እንሰት ይተካሉ። ጉም ከጉጌ ተራሮች እየወረደ መንገዱን ይሸፍናል። ልጆች በየመታጠፊያው እየጨፈሩ ከመኪናው ጋር ይሮጣሉ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው፣ ዱንጉዛ የሚሉት ሸማ በአጥር ላይ ተዘርግቶ በብርዱ ይወዛወዛል።

በዚህ ደጋ የሚኖሩት የዶርዜዎች ቤት ከሩቅ ሲታይ ዝሆን ይመስላል። ግንባር አለው፣ ኩምቢ አለው፣ ሁለት ዓይን አለው። ቀርከሃው እንደ ቅርጫት ተሠርቶ፣ ላዩ በእንሰት ቅጠል ሽፋን ተከድኖ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ያረጀ ቤት አጭር ነው። ቁመቱን አይቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል። ጉዳቱን የሚደብቅ ልባስ የለውም፤ ዕድሜውን በገላው ላይ ጽፎ ይቆማል።

ለእንግዳ የሚያሳዩት ሥርዓት አለ። አንዲት እናት እንሰት ፋቁ፤ ቆጮውን በቅጠል ሸፍነው ከቀበሩበት አውጥተው ጋገሩ፤ በዳጣና በማር አቀረቡልን። በትንሽ ብርጭቆ አረቄ ተቀዳና «ዮ! ዮ!» እየተባለ ተጠጣ። ቆጮው ኮምጠጥ ይላል፣ ዳጣው ያቃጥላል፣ ማሩ ያበርዳል። ለእኔ በጤፍ ላደግሁት መጀመሪያ እንግዳ ነበር፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን ለመድኩት። መጠራጠሬ አልቀረም። ይህ ሁሉ ለእኛ ሲባል የተሠራ ትርኢት ቢሆንስ? አስጎብኚውን ልጅ ጠየቅሁት። «ይኼ ለእንግዳ የምናሳየው ነው» አለኝ ሳያቅማማ። «ለራሳችን ስንሠራ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እንዲህ በግማሽ ሰዓት አያልቅም።» ትርኢቱን ትርኢት ብሎ ስለጠራልኝ ትርኢቱ እውነት ሆነልኝ። ቀኑን ሙሉ የሚፈጀውን በግማሽ ሰዓት አሳይቶ፣ ያሳጠረውን ነገር ደግሞ ነገረኝ።

ከግቢው ጥግ፣ ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ አንድ አዛውንት እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ይሸምናሉ። መወርወሪያዋ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ትመላለሳለች። ባለቤታቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ። በጋሞ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ጋቢው ላይ እጄን አሳርፌ ገና ሳልጠይቅ፣ «እህቴ፣ ድሩ የፋብሪካ ነው። ማጉን እሷ ናት የፈተለችው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። እዚህ ድረስ የመጣሁት ንጹሑን ፈትል ፍለጋ ነበር። አዛውንቱ ፊቴን አይተው ይመስለኛል ማስረዳት ጀመሩ። ድር ተወጥሮ ነው የሚውል፤ ጉልበት ይፈልጋል፣ የእጅ ፈትል ሲወጠር ይበጠስባቸዋል። ማጉ ግን ገላ የሚነካው ነው፤ ልስላሴና ሙቀት ከእሱ ነው የሚመጣው። የጥለቱ ባለቀለም ክርም ከገበያ የተገዛ ነው። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ያፈሩ አልመሰሉኝም። የሸማቸውን ምሥጢር እየገለጡልኝ ነበር።

ይህን እውነት ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ያለ ሻጭ ሁሉ ብዙው ነጠላና ጋቢ እንዲህ እንደሚሠራ ያውቃል። ለገዢ ግን አንናገረውም፤ «ሙሉ ፈትል» የሚል ቃል ፈጥረን በእሱ እንሸጣለን። ገዢው ንጹሕ ነገር ይፈልጋል ብለን እናስባለንና። ንጹሑን የፈጠርነው እኛ ሻጮቹ ነን፤ ሸማኔው ያለው ድርና ማግ ነው። እውነተኛው ነገር ከፈጠርነው ይበልጥ ያምራል፤ ምክንያት አለውና። ፋብሪካው ጉልበቱን ሰጠ፣ እናት እጇን ሰጠች፣ ሸማኔው አጋባቸው።

ከተቀመጥኩ አይቀር ሌላም ነገር አሰብኩ። የዶርዜ ሸማኔዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ወደ አዲስ አበባ ፈልሰው በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፍረዋል። ከተማዋ የለበሰችውን ሸማ የሠሩት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ሸማኔ ለረጅም ዘመን ስድብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እጁን ንቀን የኖርን ሰዎች ዛሬ «የእጅ ሥራ» የሚለውን ቃል ዋጋ ማስወደጃ አድርገነዋል። ከዚህም የሚከፋ አለ፤ ከዚሁ ደጋ በሥራ ስም ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ትምህርታቸውን ትተው ከሸማ ጉድጓድ ውስጥ የዋሉ ልጆች እንዳሉ የታወቀ ነው። ገዢ «የእጅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የማን እጅ እንደሆነም ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። የሠራውን ሰው ሳላውቅ «የእጅ ሥራ ነው» የምለው ነገር ግማሹ ባዶ ነው።

አዛውንቱ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የቀሚሱንም ነገር ነገርኳቸው። በጋሞ ጎሜ የሚሉት ነገር አለ፤ ማድረግ የማይገባ፣ ሲደረግ ደግሞ ጣጣው ባደረገው ሰው ላይ ብቻ የማይቆም፣ ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ ከብቱ፣ ወደ መሬቱ የሚሻገር ጥፋት ነው። መፍትሔው ጥፋቱን በአፍ አውጥቶ መናገር ነው። አዛውንቱ መወርወሪያዋን ድሩ ላይ አሳርፈው፣ «ታዲያ ለልጅቱ ነገርሻት?» አሉኝ። አልነገርኳትም አልኩ። «እንግዲህ አላለቀም» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

በጋሞ ቃል ክብደት አለው። በ2011 መስከረም የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሡ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው የመለሷቸው የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። ያን ቀን በእጃቸው የነበረው ሣርና ቃል ነበር። ቃል እንዲህ ያለ ጉልበት የሚኖረው ለዓመታት ሳይባክን ሲጠበቅ ነው። ገበያ ላይ በየቀኑ የምናባክነው ቃል፣ «ንጹሕ ፈትል ነው»፣ «ለአንቺ ብዬ ነው»፣ «በገዛሁበት ነው የምሸጥልሽ»፣ በጭንቅ ቀን ከየት ይገኛል?

ከአዛውንቱ ጋቢ ገዛሁ። በዋጋ አልተከራከርኩም፤ ክርክር ነውር ሆኖ አይደለም፣ የዚያን ቀን አፌ ስለተያዘ ነው።

ሽሮ ሜዳ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ስልክ መደወል ነበር። ያች ሴት አነሣች። ቀሚሱ ፈትል እንዳልነበረ፣ ጥበቡ የኮምፒውተር ጥልፍ እንደነበረ፣ ሳውቅ እንደዋሸኋት ነገርኳት፤ ገንዘቧንም እንደምመልስ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፣ «እህቴ ለብሳው የተነሣችው ፎቶ ግድግዳችን ላይ ነው» አለች። «ባየሁት ቁጥር ቀለሙ ይታየኛል። ስለነገርሽኝ ግን አመሰግናለሁ።» ገንዘቧን መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ምንም አልገዛችም።

ይህን የምጽፈው እንዳይሸፋፈን ነው። ስለ ንግድ የሚያሠለጥኑ ሰዎች እውነተኛ ሁኑ፣ ደንበኛ ይበዛላችኋል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንዳንዴ ይበዛል፤ አንዳንዴ አይበዛም። እውነትን ደንበኛ መሳቢያ ካደረግናት፣ ሳትስብ በቀረች ቀን እንጥላታለን። እኔ ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ፍርድ ይህ ነው፤ ለገዢ እውነቱን የምንነግረው የእሱ ስለሆነ ነው። ገንዘቡን ለውጦ የሚወስደው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚከፈለው መብቱ ነው። ይህን ስንደብቅ ከከፈለው ላይ እንሰርቀዋለን።

አሁን በእያንዳንዱ ልብስ ላይ ትንሽ ወረቀት አለ። በአንዱ ላይ «ድሩ የፋብሪካ፤ ማጉ የእጅ ፈትል፤ ጥለቱ በእጅ የተሸመነ» ይላል። በሌላው ላይ «ጨርቁ የፋብሪካ፤ ጥበቡ የኮምፒውተር ጥልፍ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው ይታጠብ» ይላል። ሁለተኛውን አንብበው ትተውት የሚሄዱ አሉ። በአነስተኛ ደመወዟ ለበዓል የምትለብሰውን ስትፈልግ ያንኑ አንብባ ደስ ብሏት የምትገዛም አለች፤ የምትገዛውን አውቃ ነውና አንገቷን ቀና አድርጋ ትለብሰዋለች። ሸማ በፈርጁ ይለበሳል። ፈርጁን ለመለየት ግን ሻጩ አስቀድሞ መናገር አለበት።

እናንተም ገዢዎች፣ ሱቅ ስትገቡ ጨርቁን እያሻችሁ ጠይቁ፤ ድሩ ምንድን ነው? ማጉስ? የማን እጅ ነው የሠራው? ሻጩ መልሱን ካላወቀ ሄዶ ይጠይቅ። እኛ ሻጮች ደግሞ እስክንጠየቅ አንጠብቅ።